ገብሴን ይዤ ጀጎል

ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ባልትና ቤት አለኝ። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አብሽ፣ ተልባ፣ የማይሸጥ የለም። ከሐረር ከተመለስኩ ወዲህ ደንበኛ በገባ ቁጥር «እትዬ ዘነበች፣ አገሩ እንዴት ነበር?» ይለኛል። ደጋግሞ ማውራት አፌን አድርቆታልና ጽፌው ልገላገል አልኩ። የጀጎልን ግንብና በሮቹን ፎቶ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ እኔ የማወራችሁ ስለ ሆድ ነው።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ሐረር አስተማሪ ነው። ዓምና ስኳር ተገኘበት። ዘንድሮ ሁዳዴ እንደገባ ሚስቱ ሰናይት ደወለችልኝ። «እትዬ፣ እያስተማረ ክፍል ውስጥ ወደቀ» አለችኝ። «ሐኪሙ ‹ክኒን ውጠህ ባዶ ሆድህን አትዋል፤ ጠዋት እህል ቅመስ› ብሎታል። እሱ ግን ክኒኑን ይውጥና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ልጆቼን ያለ አባት ሊያስቀርብኝ ነው። የእርስዎን ቃል እንጂ የኔን አይሰማም።» ከዚያ አለቀሰች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ ከመንዝ ሰው የተወለድኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ከሰዓቱ ፈቀቅ ብዬ የማላውቅ ሴት፣ ወንድሜን «ጠዋት ብላ» ልል አገር ላቋርጥ ነው። ግን ወንድም ነው፤ ሱቄን ዘጋሁ።

ሰኞ

ሻንጣዬ ትንሽ፣ ጆንያዬ ትልቅ ነበር። በሶ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቆሎ፣ ሁሉም ገብስ። አባቴ «ገብስ የእህል ንጉሥ ነው» ይል ነበር፤ እኔም ንጉሡን በጆንያ ጭኜ ወጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው፦ ወንድሜን ያሳመመው የከተማ ምግብ ነው፤ ያሳደገው ገብስ ያነሣዋል።

አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ዘንድ አደርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ምን ብታቀርብልኝ ጥሩ ነው? የጾም ኬክ! ከጎኑ የጾም ፒዛ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ለስላሳ። «አክስቴ፣ ወተትም እንቁላልም የለበትም፣ እንዳትሰጊ» አለችኝ ኮራ ብላ።

«ልጄ፣ አባቶቻችን የጾሙት እንቁላሉን ብቻ አልነበረም፤ ምላሳቸውንም ነው» አልኳትና ከጆንያዬ ቆሎ ዘግኜ ቆረጠምኩ። ኬኩንም ቀመስኩት፣ መቼም አልዋሽም። ይጣፍጣል፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርን። አጠገቤ የተቀመጡት የሐረር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ወሬያቸው የማያልቅ ሰው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገጥመዋል። ግማሹ ተሳፋሪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግማሹ ጀንበር እስክትጠልቅ ጾመኛ ነው። ሹፌሩ አሰበ ተፈሪ ለምሳ ቢያቆም፣ ምግብ ቤት የገባ አንድም ሰው የለም። አሳላፊዋ በር ላይ ቆማ አየችንና «ኧረ ምን ዓይነት አውቶቡስ ነው ዛሬ የመጣብኝ!» አለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሆዱን እንዲህ የሚገዛ ሕዝብ የት ይገኛል?

ከዚያ በፊት አዋሽ ፍተሻ ላይ ጉድ ሆኜ ነበር። ፈታሹ ጆንያዬን በዘንግ ወጋ ሲያደርገው በሶው ቡን ብሎ ወጣና ከነኮፍያው ዱቄት አስመሰለው።

«ምንድነው ይሄ?» ጮኸ።

«በሶ ነው፣ ቅመሰው!» ብዬ እፍኝ ሙሉ አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት።

«ኧረ እማማ፣ ጾመኛ ነኝ፣ አያስጎምጁኝ! ይሂዱ፣ ይሂዱ በቃ!» አለና አሳለፈኝ። ነጋዴው እስከ ሂርና ድረስ ሲስቁ ነበር።

ሂርና ላይ ጎማ ፈነዳ። ሲጠገን ዘጠኝ ሰዓት አለፈና በሶዬን በውሃ ለውሼ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተደብቄ መጉረስ ጀመርኩ። ነጋዴው አዩኝ።

«አቦ፣ ምን ያዞርሻል? የአንቺ ሰዓት ደርሷል፣ የኔ ገና ነው። ብይ እንጂ!»

«እርስዎ ውሃ ሳይቀምሱ እኔ እዚህ...»

«እኔ የምጾመው ላንቺ መሰለሽ?» አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን ፊቴን አላዞርኩም። ጀንበር ስትጠልቅ እሳቸው በተምር ሲያፈጥሩ ከተምሩ ለኔም አካፈሉኝ።

ሐረር ስንደርስ መሽቶ ነበር። ወንድሜ ቤት የተከራየው ጀጎል ውስጥ፣ ኤረር በር አካባቢ ነው። ባጃጁ በሩ ድረስ አደረሰንና ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁለት ሰውና አንድ አህያ አያሳልፍም። የኛ ደብረ ብርሃን መንገዷ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ይዞሽ ይሄዳል፤ እዚህ ግንቡ በሁለት በኩል ትከሻሽን ይዞ ይወስድሻል። ነጋዴው ቤታቸው በሌላ በኩል ሆኖ ሳለ፣ ቀኑን ሙሉ ጾመው የዋሉ ሰውዬ፣ ጆንያዬን ተሸክመው እወንድሜ ደጅ አደረሱኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ «በሉ ደኅና እደሩ» ብለው ተመለሱ።

ረቡዕ

ግቢው የአይ ፋጡማ ነው። «አይ» በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባልቴት ናቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ግቢውን ይሞላል። የወንድሜ ቤትና የሳቸው ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ከግቢው ማዶ ሌላ ተከራይ ቤተሰብ አለ። ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው፣ ሁሉም ጾመኛ።

ጠዋት ተነሥቼ ገንፎ አገነፋሁ፣ በኑግ ዘይትና በበርበሬ። ጌታቸው ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ከስቷል፤ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ይዋልላል።

«እትዬ፣ ሸተተኝ፣ እጅሽ ይባረክ። ለዘጠኝ ሰዓት አስቀምጪልኝ» አለና ክኒኑን በደረቁ ዋጠ።

«አሁን ነው የምትበላው።»

«አንቺ ትበያለሽ?»

እሱ ወጥቶ ሄደ፤ እኔ ገንፎውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኔን ወንድም የሚያውቅ ሰው የተረተው መሆን አለበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣና ጾሙን በምን ቢፈታ ጥሩ ነው? ፓስታ በስጎ፣ በነጭ ዳቦ፣ ላዩ ላይ ጠርሙስ ለስላሳ! «የጾም ነው እኮ» አለኝ።

አሁንስ ትዕግሥቴ አለቀ። «የጾም! ስኳር ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ባዶውን ውሎ በስኳር ውሃ ይፈታል? እናታችን ሁዳዴን በምን ነበር የምታወጣን? ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ በተልባ የታሸ የገብስ እንጀራ! ጾሙን ከአያቶችህ ወረስክ፣ ማዕዱን ግን ከየት አመጣኸው? ግማሹን ወስደህ ግማሹን ጣልከው!»

ሰናይት «አሜን» አለች ከጓዳ። ለስላሳውን ወስጄ ደፋሁት። እሱም የቀቀልኩለትን ንፍሮ በላ። ያንን ጦርነት አሸነፍኩ፤ ትልቁ ግን ቀረ።

«ጠዋት መብላቱስ? የንስሐ አባትህን ጠይቅ» አልኩት።

«ጠይቄያለሁ። ‹የታመመን ሰው ጾም አያስገድደውም፣ ብላ› ብለውኛል።»

«ታዲያ ማን ያዘህ?»

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ረመዳን ነው። አይ ፋጡማ በዚያ ዕድሜያቸው ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። እኔ ጎልማሳው፣ ዕቃዬን እያንኳኳሁ ጠዋት ልበላ? ሽታው ይገባቸዋል። ‹ክርስቲያኑ አስተማሪ ገና በጠዋቱ ይጎርሳል› ልባል? ቅዳሜና እሁድ እንኳ ስበላ በሩን ዘግቼ ነው። መታመሜን አልነገርኳቸውም። ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወንድሜን የሚገድለው እግዜርም፣ ስኳርም አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ለይሉኝታ ደግሞ ክኒን የለም፣ እኔም በሱቄ አልሸጠውም።

ማታ አይ ፋጡማ በሳሕን ሾርባና ሳምቡሳ ላኩልን። በየማታው ይልካሉ አለች ሰናይት። ሥጋ የሌለበት፣ ለሁዳዴያችን ብለው በምስር የሠሩት ነው።

ሐሙስ

የሰው ሳሕን ባዶውን አይመለስም፤ ይሄ ሐረርም ደብረ ብርሃንም አንድ ነው። በሶ ሞላሁበትና ረፋድ ላይ ወደ አይ ፋጡማ ቤት ተሻገርኩ። «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገባሁ።

የሐረሪ ቤት ውስጡ ደረጃ ደረጃ ነው። እኛ መደብ የምንለውን እነሱ ነደባ ይሉታል፤ የኛ አመድማ ጭቃ ነው፣ የነሱ ደም የመሰለ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ምንጣፍ ይለብሳል። ግድግዳው ሙሉ ሳሕንና የስፌት ሙዳይ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በቤት አያያዝ ለማንም እጅ የማልሰጥ ሴት እዚያ ሰጠሁ።

ዓይኔን ሳሳርፍ በከፊል ከተገለጠው የጓዳ መጋረጃ በስተጀርባ አይ ፋጡማ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ የማሽላ ቂጣ፤ ጉንጫቸው ሞልቷል። ሲያዩኝ ሳሕኑን በሻሻቸው ሸፈኑት።

እኔ ክው አልኩ። እሳቸውም ክው።

«በሩን ዝጊው» አሉኝ በመጨረሻ፣ ያ ትልቅ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ። «ወላሂ ጾም ጠልቼ አይደለም። ስኳር አለብኝ። ሐኪሙም ሼኹም ‹ብዪ› ብለውኛል፤ በየቀኑ ፈንታ ድሀ አበላለሁ። ግን እነ ጌታቸው ምን ይሉኛል? ክርስቲያኑ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም፣ የሐረር እናት በረመዳን ጠዋት ቂጣ ታላምጣለች ይበሉኝ? ስለዚህ እዚህ ጥግ እንደ ሌባ እበላለሁ።»

ሳቅ አፈነኝ። መሳቅ አልፈለግኩም፣ ግን መጣ። ነደባው ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

«ምንድነው የሚያስቅሽ? ሽማግሌ ላይ ትስቂያለሽ?»

«አይ ፋጡማ፣ ጌታቸውም ስኳር አለበት። እሱም ‹ብላ› ተብሏል። እርስዎን አፍሮ ነው የሚራበው!»

ቂጣው ከእጃቸው ወደቀ። «ጌታቸው? ስኳር? ሱብሐነላህ! የወደቀው እንግዲህ በዚህ ነው? ‹ድካም ነው› አለኝ እኮ!» አሉ። «አንድ ግድግዳ! ወዲህ እኔ ከሱ ተደብቄ እበላለሁ፣ ወዲያ እሱ ለኔ ሲል ይራባል! ጅሎች ነን፣ ወላሂ ሁለታችንም!» ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ነበረበት፤ የሳቅ ብቻ አልመሰለኝም።

ሻሻቸውን ሲያነሡት በሳሕኑ ላይ ነጭ አረፋ አየሁ። «ይሄ ምንድነው?»

«ሁልበት ነው፤ እናንተ አብሽ ትሉታላችሁ» አሉኝ። ዘፍዝፈው፣ መራራ ውሃውን ደፍተው፣ አረፋ እስኪሆን በእጃቸው ይመቱታል፤ ከዚያ ከመረቅ ላይ ያፈሱታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አብሽ ሸጫለሁ! ለአራስና ለጨጓራ ነው ብዬ እየመዘንኩ። እዚህ አገር በየቤቱ የሚበላ ወጥ ኖሯል። ‹ቀመስሽው ወይ?› እንዳትሉኝ፣ ጾመኛ ነበርኩ፤ ሽታው ግን ምራቄን አመጣው።

«ይሄ ነው ለስኳርዎ የረዳዎት?»

«ሐኪሜ ‹ማሽላሽንና ሁልበትሽን አትተዪ፣ ሐላዋሽን ተዪ› አለኝ። ሁልበቴ ክኒኔን አያስጥለኝም፣ ክኒኔም ሁልበቴን አያስጥለኝም። ዱሮ ሐላዋ ለሰርግና ለዒድ ነበር። አሁን በየማታው ማፍጠሪያው ሁሉ ጣፋጭ ነው፣ ሁሉም በዘይት የተጠበሰ፤ ከዚያ ‹የአባቶቻችን ረመዳን› እንላለን። አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ሰርግ ነው ብለው ይገቡ ነበር!»

ሰማችሁልኝ? ትናንት ለወንድሜ የጮኽኩትን ቃል በቃል! የኔ እናት ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ፣ የሳቸው እናት ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ሳይተዋወቁ አንድ ትምህርት አስተምረው አልፈዋል። በሁለቱም ኮራሁ። በሶዬን ሰጠኋቸው፤ ሸተቱት፣ በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። «ገብስሽ ንጹሕ ነው፣ ማሻአላህ» አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉና «ነገ ጠዋት የገንፎ ዱቄትሽን ይዘሽ ነይ፣ ለማንም አትናገሪ» አሉ።

ዓርብ

በማለዳ እሳቸው ጓዳ ገንፎ አገነፋሁ። እሳቸው ሁልበታቸውን መቱ፤ እጃቸው አረፋው ውስጥ ሲሽከረከር የኔ እጅ ማማሰያው ላይ ነበር። በአዘቦት ቀን ይህ ማዕድ አይሆንም፤ የእርድ ነገር አለ፣ የነሱን ሥጋ እኛ፣ የኛን እነሱ አንበላም። ሁዳዴ ግን ሥጋውን ከመሃል አውጥቶታል። ገብስና አብሽ ደግሞ እርድ የላቸውም።

ከዚያ አይ ፋጡማ መጋረጃውን ገለጡት። በሩን ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርገው ከፈቱ። ምንጣፍ ደፉ ላይ አነጠፉ፣ ትሪውን አስቀመጡ፣ ተቀመጡ። ግቢው መሃል የማዶዋ ተከራይ ልብስ ታጥባለች። በረመዳን ጠዋት፣ በገዛ ግቢያቸው፣ ሰው እያየ!

ጌታቸው ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

«ጌታቸው!» ግቢው አስተጋባ። «ና፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል!»

ባለበት ደረቀ። ትሪውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እኔን በዓይኑ ገደለኝ። «አይ ፋጡማ... እርስዎ... ጾም...»

«አልጾምኩም! ታምሜያለሁ። አንተም ታመሃል። ሁለታችንንም የፈጠረን ‹ብሉ› ብሎናል። አንተ ከሱ የበለጠ ልትጾም ነው?»

ልብስ አጣቢዋ እጇን ከሳሙናው አወጣች። ከዚያ «ጋሽ ጌታቸው፣ ኧረ ቁጭ በሉ! የማስፈራዎት እኔ ነኝ እንዴ?» አለችና ወደ ልብሷ ዞረች።

ተቀመጠ። አይ ፋጡማ «ቢስሚላህ» አሉ፤ እሱ አማተበ። ከአንድ ትሪ ጎረሱ። መጀመሪያ የጎረሰውን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደበት። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን እጁ ፈጠነ።

«አቦ ቀስ!» አይ ፋጡማ እጁን መታ አደረጉት። «ልማድህን አውቃለሁ፣ ገንፎ ነው ብለህ ተራራውን አትናድ። ለኔና ላንተ ትንሽ ነው የሚበቃን።»

ሳቀ። ወንድሜ ሲስቅ ካየሁት ዘመን ሆኖኛል። ሰናይት በሯ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ እዚያው በርጩማዬ ላይ ተርቤ፣ እጄን ታቅፌ፣ ኮርቼ ተቀምጫለሁ።

ቅዳሜና እሁድ

እነዚህን ቀናት አልቆጥራቸውም። ቅዳሜና እሁድ ሁዳዴም ቢሆን ሰዓት አይጠበቅባቸውምና ጌታቸው ጠዋት ቢበላ አያስደንቅም። በሩን ከፍቶ መብላቱ ብቻ ነው አዲሱ ነገር። እኔም ሁልበቱን ያን ጊዜ ቀመስኩት፤ መጀመሪያ ምላሴ ግራ ገባው፣ ቀጥሎ ሳሕኑን ጠረግኩ። አይ ፋጡማ ገበያ ይዘውኝ ወጥተው ማሽላ አስመረጡኝ፤ ነጋዴዎቹን ሁሉ «ይህች የደብረ ብርሃን እኅቴ ናት፣ እህል ታውቃለች፣ እንዳታታልሏት» ይሏቸዋል። ለኔ ያንን ስም የሰጠኝ ሰው የለም፣ ትከሻዬ ሰፋ።

ማታ ግን አልተኛሁም። እኔ ሰኞ ገና ሳይነጋ እሄዳለሁ። ሰኞ ከሄድኩ በኋላ ይበላል ወይስ ለኔ ብሎ ነው የበላው? ጠይቄው ምን ይለኛል፣ «እሺ» ነዋ የሚለኝ። እሺታውን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ተነሣ፤ የተሳፈርነው እንደ አመጣጣችን ጾመኞች ነን። ስልኬን በእጄ ይዤ ነው የተጓዝኩት። ቁልቢን አለፍን፣ ምንም የለም። አሰበ ተፈሪ፣ ምንም የለም። ሰናይት የማትደውለው መጥፎ ነገር ሆኖ ነው ብዬ ሰጋሁ። መደወል ፈራሁ።

አዋሽ ፍተሻ ላይ ያው ፈታሽ ገባ። አወቀኝ። «እማማ፣ ዛሬስ ዱቄት የለም?» ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

አፌን ሳልከፍት ስልኩ ጮኸ። የሰናይት ቁጥር ነው፤ የአይ ፋጡማ ድምፅ ግን አውቶቡሱን ሞላው።

«አንቺ ዘነበች! ከነጋ ስሞክር ኔትወርክ የለም! ስሚ፣ ይሄ ወንድምሽ ዛሬ ሳልጠራው መጣ! በሬን ገና ስከፍት ደፌ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ ማንኪያውን ከቤቱ ይዞ! ገብስሽ ሊያልቅ ነው፣ ላኪ!»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ተነሥቼ ቆምኩ። «ወንድሜ በላ!» ብዬ ጮኽኩ። «በሁዳዴ፣ በጠዋቱ፣ ወንድሜ በላ!»

ውሃ ያልቀመሰ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጾመኛ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ከፊት ነጠላ የለበሱ እናት «እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። ፈታሹም ኮፍያውን አወለቀና «እንኳን በላ!» አለ።